ሠላሳ አንድ ችካሎች

እኔ ሰው አላምንም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ አሉ፤ የሚቀየሙኝንም አላምናቸውም። ጠዋት በደጄ ሲያልፍ «እንዴት አደርክ?» ያለኝ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ እስከ ምሳ ሳሰላስል እቆያለሁ። ባለቤቴ ደብሪቱ «አንተኮ ጥላህ ብትከተልህ ማን ላከሽ ትላታለህ» ትለኛለች። ትሳቅብኝ። በዚህች ከተማ ስኖር ሳያታልሉኝ የቀሩ ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ደብሪቱን አልቆጠርኳትም፤ እሷ ወጌሻው ጨው ቀንስ ካለኝ ወዲህ ወጡ ላይ ሳትጨምር «ጨምሬያለሁ» እያለች ታታልለኛለች። አንዱ ልጄ ናሁሠናይ ነው። ሁለተኛውን ሰው ለማወቅ ግን ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራዬ በርጩማ መጥረብ ነበር። በሌላ አገር ይህ ተራ እንጀራ ይሆናል። በእኛ ከተማ ግን በርጩማ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ከውሃው መጀመር ይሻላል።

እኛን ከማዶ ሰዎች የሚለየን አንድ ደረቅ ወንዝ ነው። ከተራራው ሥር ምንጭ አለ፤ ምንጩ ላይ የእንጨት መዝጊያ አለ። መዝጊያው ወደ ግራ ሲዞር ውሃው ወደ እኛ ይመጣል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ማዶ ይሄዳል። በዘር ወቅት የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት ማን እንደሚያዞረው የሚወሰነው በኳስ ነው። አባቶቻችን በዱላ ሲወስኑት ኖረው፣ ዱላ የሚይዝ ሰው ሲያልቅባቸው ወደ ኳስ ዞሩ ይባላል። ኳሷ የበግ ቆዳ ናት፤ ጭድ ተጠቅጥቆባት የተሰፋች። አንድ ሰው ይዟት ሜዳው መሐል ይቆማል፤ ወርዋሪ ይባላል። ከፊቱ ስምንት የማዶ ጎረምሶች ሊጥሉት ይሮጣሉ። እነሱ ሳይደርሱበት ኳሷን ርቀው ለሚሮጡት ለራሱ ሰዎች መወርወር አለበት። ከዚያ ተራው የማዶ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ቀድሞ የተያዘለት ወገን ውሃውን ይወስዳል። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው።

ወርዋሪያችን ጋሽ ይርዳው ነበሩ። ሃምሳን የተጠጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። አራት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈን፣ ዘራችንን በማዶ ሰዎች ትራፊ ውሃ እያጠጣን ነበር። ሽንኩርታችን አውራ ጣት አክሎ ቀርቷል።

ሕጋችን እንዲህ ይላል። አዲስ ወርዋሪ ከተመረጠ በኋላ ሰባት ዓመት ከነባሩ በስተኋላ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይማራል። ነባሩ ደግሞ ኳሷን ከማንሳቱ በፊት ሰፊ ካባ ይደርባል፤ እጁ ኳሷን እንዴት እንደሚይዝ ማንም እንዳያይ። ድሮ አንድ የማዶ ሰላይ አያያዙን አይቶ ሄዷል ይባላል። እጁን ያሳየ ወርዋሪ ካባው ተገፎ ወንዙን ይሻገራል፤ አይመለስም። ነባሩና ተማሪው ሜዳ ላይ አይነጋገሩም፤ ካባ የሚሸፍነው እጅን እንጂ ቃልን አይደለምና።

እንግዲህ ተማሪው ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያየው የካባ ጀርባ ነው። ይህ ነገር አልጣመኝም ነበርና አንድ ቀን የበርጩማ ሸንጎ ሰብሳቢ ለሆኑት ለሊቀ በርጩማ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ጥያቄ አቀረብኩ። እጁ ካልታየ ምን ይማራል አልኳቸው። ጥቂት አስበው «እንዴት እንደሚቀመጥ» አሉኝ። ጸሐፊያቸው ጻፈው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሕግ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

በየዓመቱ የመቀመጥ ፈተና አለ። ጀርባ ይለካል፣ የጉልበት አጣጣፍ ይታያል፣ ተማሪው ዝንብ ሲያርፍበት ምን እንዳደረገ ይመዘገባል። ከጋሽ ይርዳው በፊት አንድ ሰው በሰባቱም ዓመት አንደኛ ወጥቶ ነበር። ሜዳ የገባ ዕለት ኳሷን ሲሰጡት ተቀብሎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ መቀመጫ ፈለገ። ስምንቱ የማዶ ጎረምሶች ደርሰው እንኳ ያመነቱት እሱን ባዩ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል።

ናሁሠናይ የተመረጠው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንዙ ዳር ቆሞ ድንጋይ ሲወረውር የማዶውን ሾላ ሦስት ጊዜ መታው፤ ሦስተኛውን ሲመታ የሸንጎው ሰው ከኋላው ቆሟል። ደብሪቱ እልል አለች። እኔ ሰውየው እዚያ ምን ሊሠራ እንደመጣ ጠየቅሁ። በርጩማውን እኔው ጠረብኩለት፣ ከወይራ፣ ባለ ሦስት እግር። ቁመቱን ብቻ በዓይኔ ለክቼ ሰጠሁት፤ በሙያችን ጠራቢ በሠራው በርጩማ ላይ መቀመጥ ነውር ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራ አንድም ቀን አልተቀመጥኩም።

ልጄ ከመቀመጡ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ «ሰባት ዓመት ውሃ አጥተን ልንጠብቅ ነው? አሁኑኑ ይግባ» አለ። ግማሹ «ሳይማር ገብቶ ሊሰበርብን ነው? ይቀመጥ» አለ። ይግባ ባዮችና ይቀመጥ ባዮች ተባሉ። ይግባ ባዮች እራታቸውን ቆመው መብላት ጀመሩ። ይቀመጥ ባዮች መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ ሰላም ለማለት ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይግባ ባይ የሆነው አስተማሪ ፈተናውን መጀመሪያ ሰጥቶ ትምህርቱን በኋላ ያስተምራል፤ ይቀመጥ ባዩ ደግሞ ልጆቹ እስኪበስሉ ብሎ ፊደል አላስቆጠራቸውም። አዋላጆች እንኳ ተጣልተዋል፤ በምን እንደተጣሉ ግን ልናገር አልችልም።

የይግባ ባዮች መሪ ጥሩምባ ነፊው ልዑልሰገድ ነበር። ጨዋታ ሲጀመርና ሲያልቅ የሚነፋው እሱ ነው። ወደ ሱቄ መጥቶ ናሁሠናይ እንዴት ያለ ክንድ እንዳለው ሲያወራ ዋለ። ሰው ልጁን ሲያመሰግኑለት ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ አለኝ። ሲወጣ ግን የእህቱ ልጅ ድንጋይ መወርወር እንደጀመረ ትዝ አለኝ። የእኔ ልጅ አሁን ገብቶ ቢሰበር በርጩማው ለማን ይለቀቃል? ይቀመጥ ባዮችንም አላመንኳቸውም፤ ግማሾቹ እርሻቸው ከምንጩ አጠገብ ስለሆነ ውሃ መጣም ቀረም አይጎድልባቸውም። በዚህ ሁሉ መሐል ማንንም ያልጠረጠርኩትን ያህል ጋሽ ይርዳውን ጠረጠርኩ። ቦታው የሳቸው ነው። ልጄ ሲማር እሳቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የትኛው ሰው ነው የራሱን መውጫ የሚያፋጥን?

ስለዚህ በየጠዋቱ ከሜዳው አጥር ሥር ተሸሽጌ ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ቀን ግን ጋሽ ይርዳው ከሁሉም ቀድመው መጡ። ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ በርጩማውን በእግራቸው ገፉት፤ ትንሽ፣ አራት ጣት ያህል፣ ወደ ግራ። ናሁሠናይ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ምንም አላለም። በማግስቱም እንዲሁ። ሕጉ የሚለው «ከኋላ» ነው። ልጄን ቀስ በቀስ ከኋላቸው አውጥተው ወደ ጎን ሊያደርሱት ነው፤ ለፈተናው ሲመጡ ከቦታው ውጭ ተቀምጦ ያገኙታል፤ የሰባት ዓመቱ ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። እንዴት ያለ ተንኮል ነው! አራት ጣትን ማን ያያል?

እኔ አያለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ባዶ ሲሆን እየገባሁ በኋለኛው የበርጩማ እግር ሥር ችካል እተክላለሁ። ከመሬት እኩል አድርጌ፣ እግር እንዳይመታው። ሰው ሲጠይቀኝ የበርጩማውን እግር መበላት እየለካሁ ነው እላለሁ። በቀን አንድ ችካል። ሠላሳ አንድ ቀን።

ናሁሠናይን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። በርጩማህ ቦታውን እየለቀቀ እንደሆነ ታውቃለህ አልኩት። ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

«አባዬ፣ ተወው» አለኝ። «እባክህ ተወው።»

አስፈራርተውታል አልኩ በልቤ።

ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ሸንጎ ፊት ቆምኩ። ሠላሳ አንዱን ችካሎች አንድ በአንድ አስረዳሁ። ጋሽ ይርዳው ቅናት ይዟቸው ልጄን ከትምህርቱ እያስወጡት ነው አልኩ። አዳራሹ ጉድ አለ። ይግባ ባዮች ቀድሞውንም ቆመው ነበር፤ አሁን ጮኹ። ልዑልሰገድ አዳራሽ ውስጥ ጥሩምባ ነፋ፤ ይህ የተከለከለ ነው፤ ማንም ግን አልገሠጸውም። ጋሽ ይርዳው ስለ በርጩማው ምን ይላሉ ተብለው ተጠየቁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አንዴ ብቻ ወደ ናሁሠናይ አዩ፤ ናሁሠናይ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ሲል ራሳቸውን ነቀነቁበት። እኔ ያን ራስ መነቅነቅ እንደ ዛቻ ቆጠርኩት።

ወይዘሮ ማንአህሎሽ ፈረዱ። ናሁሠናይ ይገባል፤ ጋሽ ይርዳው ካባቸውን አስረክበው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። ይግባ ባዮች ልጄን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ልዑልሰገድ ነበር። እኔ ከኋላ ስከተል ከንፈሬን ነክሼ ላለማልቀስ ታገልኩ፤ ከሠላሳ ዓመት ጥርጣሬ በኋላ አንዱ እውነት ሆኖ ሲገኝ እንዴት ያለ ደስታ እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል።

በጨዋታው ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጥሩምባው ተነፋ። ናሁሠናይ ካባው ውስጥ ኳሷን ያዘ፣ ስምንቱ መጡ፣ ወረወረ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ኳሷ ከካባው ስትወጣ ክንዱ ሲነሳ አላየንም፤ እንዲሁ ወጣች። ሯጫችን ዞር ሲል እጁ ላይ ነበረች። ደብሪቱ ጉልበቴን ጨብጣ «አየህ?» አለችኝ። አዎ፣ አየሁ። ሸንጎ ፊት ካልቆምኩ ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ይቀመጥ ነበር ብዬ ኮራሁ።

ማዶዎችም በተራቸው ተያዘላቸው። ተራው ወደ እኛ ተመለሰ። በዚህኛው ስምንቱ ከበፊቱ ፈጥነው መጡ፤ አንደኛው ከግራ በኩል ነበር። ናሁሠናይ አያቸውና ፈራ። ከዚያ ርቀት ሆኜ ፍርሃቱን አውቄዋለሁ፤ ሕፃን ሆኖ ከግንድ ሲወድቅ ያየሁት ፊት ነው። ክንዱን ካባውን ገልጦ ወደ ኋላ ሰቀለ፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ሲወረውር እንደሚያደርገው። ያኔ ጋሽ ይርዳው ከበርጩማው ተነስተው የሆነ ነገር ጮኹ። እኔ ወደ እሳቸው ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ፤ «ክንድህን ሰብስብ!» ነው ያሉት። ሊያደናግሩት ነው አልኩ። አሁንም ቢሆን የመጀመሪያ ሐሳቤ እሱ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም።

የተሰቀለውን ክንድ ነው የደረሱበት። እንጨት ሲሰበር ድምፁን አውቃለሁ፤ ደረቅም እርጥብም። ያ እርጥብ ነበር።

ወጌሻው ትከሻውን መለሰለት፤ አጥንቱን ግን በቀርከሃ አስሮ «ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ውሃው ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ማዶ ሄደ። ገና ከሜዳው ሳንወጣ ይግባ ባይ የሚባል ሰው ከከተማው ጠፋ። ሁሉም ሲጠየቅ «እኔማ ይቀመጥ ብዬ ነበር» ይላል። ልዑልሰገድ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ በጥሩምባ ይህንኑ ነፋ። የእህቱን ልጅ ወደ ሸንጎ ወስዶ የጀርባውን ቀጥ ማለት አስለካ ሲሉኝ አልገረመኝም። የገረመኝ ናሁሠናይ ነው። ልጄ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን በርጩማውን ላመጣ ወደ ሜዳ ሄድኩ። ሸንጎው በርጩማው ለሌላ ሰው እስኪሰጥ ይጠገን ብሎኝ ነበር። ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ ይርዳው ካባቸው ተመልሶላቸው ብቻቸውን እየወረወሩ ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። በርጩማው ከሠላሳ አንደኛው ችካል ላይ አልተነሳም። ከቤት እስከዚያ መሄዱ አድክሞኝ ነበርና፣ ነውርነቱን ሳላስብ፣ ተቀመጥኩ።

ከኋላ ሲቆሙ የሚታየው የካባ ጀርባ ነው፤ ያን ከአጥር ሥር ሠላሳ አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ከዚያ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ግን የካባው ጫፍና ጫፍ የሚገናኝበት ስንጥቅ ይታያል፤ ቁመቱ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። በስንጥቁ ውስጥ እጅ አለ። ኳሷን በመዳፋቸው አልያዟትም፤ በጣቶቻቸው ጫፍ ነው፤ ትንሿ ጣት ተነስታለች። ከዚያ ክንዳቸው ሳይነሳ አንጓቸው ዞር ሊል ሲል ካባው ጋረደብኝ። ሌላ ኳስ አነሱ። ጣቶቹን እንደገና አየሁ፤ የአንጓውን መዞር እንደገና ጋረደብኝ። ትንሽ ወደ ግራ ብሆን አየው ነበር። አራት ጣት፣ ሌላ አራት ጣት። በልቤ ለካሁት፤ እጄ መለካት ያውቃል። አሥራ ሁለት ቀን ይቀር ነበር።

ልጄ አያያዙን አይቷል። የመጀመሪያው ውርወራ እሱ ነው። የአንጓውን መዞር ገና አላየም ነበር፤ ስምንቱ ሲመጡበት የሚያውቀውን ክንዱን ሰቀለ።

ጋሽ ይርዳው ሳይዞሩ ቆሙ።

«አየህ፣ ተካልኝ?» አሉኝ።

«አየሁ።»

«ምን አየህ?»

ሕጉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወንዙም እዚያው ከፊታችን ነው። ሠላሳ አንዱን ችካሎች እኔው በእጄ ተክያቸዋለሁ።

«ምንም አላየሁም» አልኩ።

እሺ ብለው ኳሳቸውን አነሱ። በርጩማውን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አለቀስኩ። ናሁሠናይ ደጅ ተቀምጦ ነበር። በርጩማውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ገባው።

«ተቀመጥክበት እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያናግረኝ ጀመር።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም፤ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ሞኝ አይደሉም። ውሃው አምስት ዓመት ሲጠፋ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እሳቸውም ሊያስወቅሳቸው የሚችለውን ፍርድ ራሳቸው ሊመረምሩት ሜዳ ወረዱ። ችካሎቹን ቆጠሩ፤ በገመድ አያያዟቸው። ሸንጎው ተጠራ። ጋሽ ይርዳው መሐል ቆሙ፣ እኔም አጠገባቸው።

«ሰውን የሚያርቅ ሰው ወደ ኋላ ይገፋል» አሉ ሊቀ በርጩማ። «ይህ ገመድ ግን ይዞራል። ወርዋሪያችን ተማሪውን በካባው ዙሪያ ያዞሩት ምን ሊያሳዩት ነው?»

እኔ አጣብቂኝ ውስጥ ገባሁ። ቀናተኛ አይደሉም ብዬ ስማቸውን ባጸዳ እጃቸውን እንዳሳዩ መመስከሬ ነው፤ ወንዙን ይሻገራሉ። ዝም ብል ገመዱ ራሱ ይመሰክርባቸዋል። ለሠላሳ ዓመት ውሸታም ስፈልግ ኖሬያለሁ። እዚያ ቆሜ ሳስብ የሚያስፈልገው አንድ ውሸታም ብቻ ነበር።

«በርጩማውን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኩለ ቀን እየገባሁ፣ ችካሉን እየተከልኩ። ልጄ ቶሎ እንዲገባ ብዬ ሰውየውን በሐሰት ከስሻለሁ።»

ወይዘሮ ማንአህሎሽ ገመዱን ጠቀለሉ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ግን ሜዳው ላይ ችካል ስተክል ያዩኝ አሥር ሰዎች ተነስተው መሰከሩብኝ፤ ጋሽ ይርዳው በርጩማ ሲገፉ ያየ ከእኔ በቀር የለም። ፍርዱ ተጻፈ። በሐሰት የከሰሰ ጠራቢ መጥረቢያው ይወሰድበታል፤ ልጁ ያልጨረሰውን ስድስት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር እሱ ተቀምጦ ይማራል። ስለ ናሁሠናይም ተወሰነ፤ አንዴ ስለገባ መቀመጥ አይችልም፣ ሳይቀመጥ ስለገባም መግባት አይችልም። ሸንጎው በዚህ ፍርድ በጣም ረክቶ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ሐሰተኛው ነው። ሰው «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ተወኝ፤ ይህ አንድ ሸክም አቅልሎልኛል። ያን ዕለት ደብሪቱ እራት አቀረበች። ወጡን ስቀምስ ግን ጨው ነበረበት፣ ልክ እንደ ድሮው።

ችካሎቹ ተነቀሉ፤ በርጩማው ወደ ቀጥታው ኋላ ተመለሰ። እኔም በሠላሳ ዓመት ሙያዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ትንሽ አጥሯል፣ ለረጅም ሰው ጉልበት ይጎዳል። በሁለተኛው ቀን ስመጣ በርጩማው አራት ጣት ወደ ግራ ሄዷል። ጋሽ ይርዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሰማይ ያያሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ጣቶቹን አየሁ። ቀኑ ሲደርስ የአንጓውን መዞር አየሁ። ያየሁትን ቤት ሄጄ፣ ሎሚ እንደ ኳስ ይዤ፣ ለናሁሠናይ አሳያለሁ። ቀርከሃው ሲፈታ በግራ እጁ ጀመረ፣ ከዚያ በቀኙ። «አባዬ፣ ትንሿ ጣትህ ወረደች» ይለኛል። እኔ አስተማሪው ነኝ፤ እሱ ግን ያርመኛል። ሸንጎው አንድ ቀን ወርዋሪ ያጣል፤ ያኔ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚፈርዱ አላውቅም፣ አላምናቸውምም። የልጄ ክንድ ግን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በትናንትናው ምክንያት ነው። ትናንት ጠዋት ስመጣ ከበርጩማው ኋለኛ እግር ሥር አንድ ችካል አየሁ። ከመሬት እኩል ተመቷል። እኔ አልተከልኩትም። ከኋላው አንድ ሌላ አለ፤ ከዚያም ኋላ ሌላ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ።

አሥራ ዘጠኝ ችካል የሚተክል ሰው ምን እያሰበ እንደሚተክል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይኔን ወደ አጥሩ ወረወርኩ። ከአጥሩ ሥር፣ እኔ እሸሸግበት በነበረው ቦታ፣ የጥሩምባ አፍ ብልጭ አለ። ልዑልሰገድ ነው። የእህቱ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት ተመርጧል፤ እኔ በርጩማውን ይዤበት የልጁ ተራ እንዳይዘገይ ፈርቷል፣ ወይም ሰውየው ለእኔ ምን እያሳዩኝ እንደሆነ ጠርጥሯል። በሁለቱም አልፈርድበትም።

ተነስቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የያዘው መዶሻ ነበር፣ ከጀርባው ሊደብቀው ሞከረ።

«ነገ ወደ ሸንጎ ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«ብሄድስ?»

«ሂድ። መጀመሪያ ግን ተቀመጥበት።»

ምን ወጥመድ እንዳዘጋጀሁለት ለማወቅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ቢሆንም መጣ። ጎንበስ ብሎ የበርጩማውን ሦስት እግሮች አንድ በአንድ ነካካ፤ መቀመጫው ላይ ሚስማር እንዳይኖር በመዳፉ ዳሰሰ። እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ከዚያ ተቀመጠ።

ጋሽ ይርዳው ዞር አሉ። ማን እንደተቀመጠ አዩ፤ መዶሻውንም አዩ። የወንዙን ማዶ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። የሚሸሹ መስሎኝ ነበር። ካባቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፣ ስንጥቁን ግን አልዘጉትም፤ ኳሷን አነሱ።

ወረወሩ። ልዑልሰገድ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ሁለተኛ ወረወሩ፣ ሦስተኛ። እኔ ከኋላው ቆሜ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ሸንጎ ይሄድ አይሄድ አላውቅም። ያየሁት መዶሻውን ከሥሩ ማስቀመጡን ነው። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። በአራተኛው ውርወራ ጣቶቹ ባዶ አየር ላይ ተዘረጉ፣ ትንሿ ጣቱም ቀስ ብላ ተነሳች።